ሰሙን ሳናቀልጥ፦ ከጻካኔ ጎረቤት የተነሣ አንድ ሂስና የእኛ የልብ ወለድ ንባብ

ከጆሃንስበርግ መሀል ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው፣ የድሮ የወርቅ ቁፋሮ የተወውን ቢጫ የአፈር ክምር እያለፈ፣ ሦስት ደስ የሚሉ ስሞች ያገኛል። ጻካኔ በጾንጋ ቋንቋ ከደስታ የወጣ ስም ነው። ጎረቤቱ ዱዱዛ በዙሉ ከመጽናናት የመጣ ነው። ሁለቱንም የሚያስተዳድረው ከተማ ኤኩርሁሌኒ ይባላል፤ እሱም በጾንጋ «የሰላም ቦታ» ማለት ነው። ስሞቹን ብቻ የሰማ ሰው ምን ያለ የታደለ አገር ነው ይላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ጻካኔና ዱዱዛ የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁሮችን ከነጮች ከተሞች ዳር እያነሣ በ1960ዎቹ ያሰፈረባቸው ቦታዎች ናቸው። ጻካኔ ከብራክፓን የተነሡትን፣ ዱዱዛ ደግሞ ከናይጅል የተነሡትን ተቀበለ። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል፤ ዓ.ም. የተባለው የእኛው ነው።)

ዛሬ በእነዚህ ሰፈሮች ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆነው ግማሽ ዳቦና ነጠላ ሲጋራ ከሚሸጡት መካከል የእኛ ልጆች አሉ። ብዙዎቹ ከሆሳዕና አካባቢ፣ ከሐዲያና ከከምባታ፣ በኬንያና በታንዛኒያ፣ በማላዊ ወይም በሞዛምቢክ በኩል አድርገው የመጡ ናቸው። ሰፈሩን «ሎኬሽን» ይሉታል። ቃሉ የዛሬ የንግድ ቃል ይምሰል እንጂ አሮጌ የመንግሥት ቃል ነው፤ ጥቁሮች እንዲኖሩበት የተከለለ ቦታ በይፋ የሚጠራው እንደዚያ ነበር። የአገሩ ሕግ ሲሻር ቃሉ በሀበሻ አፍ ላይ ቀረ።

ስለ እነዚህ ሰዎች የምናውቀው ነገር አብዛኛው ከዜና የመጣ ነው። በግንቦት 2008 በደቡብ አፍሪካ በውጭ ሰዎች ላይ በተነሣው ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች መሞታቸውን እናውቃለን። በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ሰዎች አስከሬን መገኘቱን፣ እነሱም ኢትዮጵያውያን መሆናቸውን እናውቃለን። ያው ሰው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ምን እንደሚያስብ ግን አናውቅም። ዜናው ይህን ባለመናገሩ አይወቀስም፤ ሥራው አይደለምና። የልብ ወለድ ሥራ ግን ነው። ልብ ወለዱ ሥራውን ሠራ ወይስ አልሠራም ብሎ መጠየቅ ደግሞ የሂስ ሥራ ነው። ይህን ጥያቄ በግልጽ ካነሡት የአፍሪካ ጸሐፊዎች አንዱ ከጻካኔ ብዙም ሳይርቅ ያደገ ሰው መሆኑ ነው ይህን ጽሑፍ ያመጣው።

የቻርተርስተኑ ልጅ

ንጃቡሎ ንዴቤሌ የተወለደው በ1948 ነው፤ ያደገው ናይጅል ዳር በነበረው ቻርተርስተን ሎኬሽን ነው። አባቱ ኒምሮድ ንዴቤሌ በዙሉ ቋንቋ ተውኔት የጻፈ ሰው ነበር። ዱዱዛ የተቆረቆረው ከዚያው ከቻርተርስተን የተነሡ ሰዎች እንዲሰፍሩበት ስለሆነ፣ ንዴቤሌን የጻካኔ የጎረቤት ልጅ ብንለው አላጋነንም። በ1983 «ፉልስ» (ቂሎች) በሚል ርእስ የታሪኮች መድበል አሳተመ፤ መጽሐፉም በአፍሪካ ለታተሙ ሥራዎች ይሰጥ የነበረውን የኖማ ሽልማት አገኘ።

ከመድበሉ ታሪኮች አንዱ ስለ ትንሽ ልጅ ነው። እናቱ ታማለች። ልጁ የተባረከ ውኃ እንዲያመጣ ወደ አንዲት ነቢይት ቤት ይላካል። ሴትዮዋን ይፈራታል፤ ውኃው ይባረክለታል፤ ጠርሙሱን ይዞ ሲመለስ መንገድ ላይ ከብስክሌት ጋር ይጋጭና ጠርሙሱ ይሰበራል። ልጁ ሌላ ጠርሙስ ፈልጎ ተራ ውኃ ይሞላበታል። እናቱ ትጠጣለች፤ ይሻላታል። ነገሩ ይኸው ነው። ተኩስ የለም፣ ሰልፍ የለም፣ የዘር ሕግ አይነበብም። አንባቢው ግን አንድ ልጅ ፍቅርንና ውሸትን በአንድ ጠርሙስ ተሸክሞ በሎኬሽን መንገድ ሲሄድ አይቷል፤ ያን መንገድም ከዚያ በኋላ ያውቀዋል።

የጊዜው ልማድ እንዲህ አልነበረም። በ1978 ጆሃንስበርግ ውስጥ በራቫን ፕሬስ የተጀመረ «ስታፍራይደር» የሚባል መጽሔት ነበር። ስሙ የወጣው በሚሄድ ባቡር በርና ጣሪያ ላይ ተንጠልጥለው ከሚጓዙ ወጣቶች ነው። የመጀመሪያው እትም ታገደ። በመጽሔቱ ላይ የሚወጡት ግጥሞችና ታሪኮች በየሎኬሽኑ ባሉ የጸሐፊ ቡድኖች ስም እየተመደቡ ይታተሙ ነበር፤ የሚሸጡትም በአብዛኛው በእነዚያው ቡድኖች እጅ ነው። ከ1976 የሶዌቶ ተማሪዎች አመፅ በኋላ በነበረው በዚያ ዘመን አንድ ታሪክ የሚመዘነው ግፉን ምን ያህል አጋለጠ በሚል ነበር። ጨካኝ ፖሊስ፣ ተንኮለኛ አለቃ፣ የተበደለ ሠራተኛ፤ አንባቢው ገና ሳይጀምር ማን ምን እንደሚሆን ያውቃል።

በ1984 ንዴቤሌ በዚሁ መጽሔት ላይ አንድ የመጽሐፍ ግምገማ አወጣ። የገመገመው መጽሐፍ የደቡብ አፍሪካ አልነበረም፤ የቱርካዊው ያሻር ከማል የአናቶሊያ ታሪኮች ነበሩ። ስለ ቱርክ ገበሬዎች እያነበበ ስለ ገዛ አገሩ ልብ ወለድ ማሰብ ጀመረ። የእኛ ታሪኮች ለምን እንዲህ አይሆኑም? ገበሬው የት አለ? በባቡርና በአውቶቡስ ውስጥ ሰዎች ለሰዎች የሚያወሩት የፍቅር፣ የጋብቻ፣ የኳስ፣ የአስማት ወሬ ለምን ወረቀት ላይ አይወጣም? መልሱ ጠንከር ያለ ነበር። የአገሩ ጸሐፊ የጋዜጠኛን ሥራ ወስዷል፤ አንባቢው ቀድሞ የሚያውቀውን ግፍ መልሶ ይነግረዋል። አንባቢው ያረጋግጣል፣ ይቆጣል፣ ነገር ግን ከገጹ ሲነሣ ስለ ሰው የጨመረው ዕውቀት የለም።

በዚያው ዓመት ለንደን ላይ በተደረገ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ጉባኤ ይህንኑ ሐሳብ አስፍቶ አቀረበው፤ በኋላ በመጽሐፍ መልክ የታወቀው «ተራውን ነገር እንደገና ማግኘት» በሚል ርእስ ነው። ግፍ ራሱ ትዕይንት ሆኗል፤ ትዕይንትን ብቻ የሚቀዳ ጽሑፍ ደግሞ ሰውን ወደ ምልክት ይለውጠዋል አለ። የተጨቆነ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጨቆን አይውልም፤ ያገባል፣ ይዋሻል፣ ይስቃል፣ ለልጁ ጫማ ይገዛል። ነፃ የሚያወጣው ዕውቀት ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

የሐሳቡ ከባድነት የሚገባን ጊዜውን ስናስታውስ ነው። ይህን በተናገረ በዓመቱ፣ በሐምሌ 1985፣ ጳጳሱ ዴዝሞንድ ቱቱ ዱዱዛ ውስጥ በቀብር ላይ የተቆጣ ሕዝብ በቁሙ ሊያቃጥለው የነበረን ሰው መሀል ገብተው አዳኑ። ሰፈሩ እየነደደ ሳለ ስለ ተራ ነገር ጻፉ ማለት ለብዙዎች ቅንጦት ሊመስል ይችላል። የንዴቤሌ መከራከሪያ ግን ከዚያው እሳት የተነሣ ነው፤ ሰውን እንደ ምልክት ብቻ ማየት የለመደ ሕዝብ ምልክቱን ማቃጠል አይከብደውም።

አራት ቋንቋዎች በአንድ መጽሐፍ

ይህ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው? አንደኛ፣ የታሪክ ዝምድና አለ። በ1971 ቤልጅየማዊው ምሁር አልበርት ጄራር አራት የአፍሪካ ሥነ ጽሑፎችን በአንድ መጽሐፍ አጠና፤ ዘሳ፣ ሶቶ፣ ዙሉና አማርኛ። ዛሬ በጆሃንስበርግ ዙሪያ ባሉ ሎኬሽኖች ሱቅ ደጃፍ ላይ የሚሰሙት ቋንቋዎች ያን ጊዜ በአንድ ሽፋን ውስጥ ተገናኝተው ነበር። አጋጣሚም አይደለም። ቶማስ ሞፎሎ በሶቶ ቋንቋ የመጀመሪያ የሚባለውን ልብ ወለድ በ1907 ሌሶቶ ውስጥ ሞሪጃ ላይ አሳተመ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የተጠራውን «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. (በ1908) ሮም ላይ አሳተመ። ልብ ወለድ የሚለው የዛሬ ቃላችን ከዚያ ርእስ ነው የመጣው። ሁለቱ መጻሕፍት የአንድ ዓመት ያህል ልዩነት ብቻ ነው ያላቸው። ሁለቱንም ያሳተማቸው ሰው ግን የተለያየ ነው። ሞፎሎ በሚሲዮናውያን ማተሚያ ቤት ሥር ነበር፤ በ1910 ገደማ የጨረሰው «ቻካ» እስከ 1925 ሳይታተም ቆየ።

ሁለተኛው ዝምድና የአነባበብ ነው፤ የእኛ ችግር ከንዴቤሌ አገር ችግር ጋር ይመሳሰላል፣ ምንጩ ግን የቆየ ነው።

ወርቅ ፍለጋ

አማርኛ አንባቢ ሂስ አያውቅም የሚል ወቀሳ ይሰማል። እውነት አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ይሰማል፣ ያቃናል። ጥሩ ቅኔ ሲሰማ «ይበል!» ይባላል። የመጻሕፍት መምህሩ ደግሞ አንዱን ቃል ይዞ «አንድም» እያለ በየመልኩ ያፈታዋል። ይህ ለዘመናት የተፈተነ የንባብ ትምህርት ነው፤ ሰው ቃልን እንዲያከብር፣ እንዳይቸኩል፣ ከላይ ባየው እንዳይረካ ያስተምራል።

ነገር ግን ከዚያ ትምህርት ቤት አንድ ልማድ ብቻውን ወጥቶ ገበያ ገባ፤ ሰሙን ትቶ ወርቁን መፈለግ። ምሳሌው ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው። አንጥረኛው በሰም ቅርጽ ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ያሞቀዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁ በቦታው ይገባል። ቅርጹ አገልግሎቱን ጨርሷል። ለቅኔ ይህ ይሠራል። ልብ ወለድን በዚህ መንገድ ስናነብ ግን ገጸ ባሕርያቱን፣ መንገዱን፣ ወጡን፣ ሳቁን እናቀልጥና «ደራሲው ለማለት የፈለገው» የሚባል አንድ ዐረፍተ ነገር ይዘን እንቀራለን።

ልማዱ እንዲሁ አልተስፋፋም፤ ጊዜው አስገድዶታል። በንጉሡም በደርግም ዘመን ሳንሱር ነበር። በግልጽ የማይባል ነገር በሰም ተሸፍኖ ተባለ፤ አንባቢውም መፍታት ለመደ። የዚህ ታላቁ ማሳያ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ወዲያው ከመሸጫ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ዓመቱ በአውሮፓውያን 1984 ነው፤ ንዴቤሌ ስለ ቱርክ ታሪኮች የጻፈበት ያው ዓመት። አንዱ አገር ውስጥ ልብ ወለድ ስለ ተራ ሕይወት ይናገር እየተባለ ሲጠየቅ፣ ሌላው አገር ውስጥ ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ደብዛው ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ «ኦሮማይ»ን እንዴት አነበብነው? እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ከአንድ እውነተኛ ባለሥልጣን ጋር እያገናኘን። እገሌ ማለት እገሌ ነው፤ ይህችኛዋ ደግሞ እገሊት ናት። ይህ ንባብ መሠረት አለው፤ መጽሐፉ የተጻፈው በቀይ ኮከብ ዘመቻ ውስጥ ከነበረ ሰው ዓይን ነው። ግን የአሥመራ ምሽት የት ሄደ? ጋዜጠኛው ጸጋዬ የሚያገለግለውን ነገር እያመነም እየተጠራጠረም፣ በአንድ ልብ ሁለት ፍቅር ይዞ፣ ፊያሜታን ሲያያት የሚሆነው መሆን የት ሄደ? በዓሉ ትልቅ ደራሲ የሆነው ባለሥልጣን በመንካቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለሥልጣኖቹ ሲወርዱ መጽሐፉም ይወርድ ነበር። በ2025 በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ትርጉም በእንግሊዝኛ ሲወጣ፣ ከባለሥልጣኖቹ አንዱንም የማያውቁ አንባቢዎች እጅ ገባ። ለእነሱ የሚፈታ ቁልፍ የለም፤ ያለው ሰሙ ነው።

ሳንሱር በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ሕግ ቀረ። የአነባበብ ልማዱ ግን አልቀረም። ሳንሱር አድራጊው ረቂቁን ሲገልጥ «ይህ ማንን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ደራሲውን የሚወደው አንባቢም «ይህ ማንን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ለመቁረጥ፣ ሌላው ለማጨብጨብ፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው።

የተሰማውና ያልተነበበው

የንባብ ታሪካችን ግን በዚህ ብቻ አይጠቃለልም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አወጡ። መጽሐፉ ስለ ባላባት ሥርዓት የተጻፈ ክስ ነው ተብሎ በየትምህርት ቤቱ ተተነተነ። ሕዝቡ የወደደው ግን በዚህ አልነበረም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ጭምር ፊታውራሪ መሸሻን በድምፃቸው ለይቶ አወቀ። ሰብለ ወንጌልን ያለቀሰላት ሰው ሥርዓት ለመተንተን አልነበረም ያለቀሰው። ያ አድማጭ የተማረው ተንታኝ የረሳውን ነገር ይዞ ነበር፤ ሰሙን። ዛሬ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ በስልኩ ትረካ ሲከፍት የዚያ አድማጭ ልጅ ነው። ብዙዎቹ በቤታቸው ሐዲይኛ ወይም ከምባትኛ የሚናገሩ መሆናቸውንም አንርሳ፤ አማርኛው ልብ ወለድ ለእነሱም ከትምህርት ቤት የመጣ፣ የመንገድና የጋራ ቋንቋ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» አለ። በ1962 ዓ.ም. ወጣ፤ ከበደ ተባለ። የከበደበት ምክንያት ግልጽ ነው። በሸዋ ገጠር ያለን ማኅበረሰብ ከነአነጋገሩ፣ ከነክርክሩ፣ ከነስድቡና ከነጸሎቱ ገጹ ላይ ያፈሰሰ መጽሐፍ ነው። አንድ ወርቅ ፈልጎ የገባ አንባቢ እጁ ባዶ ይወጣል፤ ድምፆቹን ለመስማት የተቀመጠ አንባቢ ግን አንድ ሙሉ አገር ይሰማል። ምሁራን በኋላ ከአማርኛ ምርጥ ልብ ወለዶች አንዱ ነው አሉት። ሲወጣ ግን ለተራው አንባቢ መንገድ የሚያሳይ፣ እንዴት እንደሚነበብ በሰው ቋንቋ የሚነግር ሂስ አላገኘም። የሂስ ማጣት ዋጋ ምን እንደሆነ ከፈለግን ምሳሌው ይኸው ነው፤ አንድ መጽሐፍ ከአንባቢው ጋር በአንድ ዘመን እየኖረ ሳይገናኝ ሊቀር ይችላል።

ያው ወቀሳ አርባ ዓመት ቆይቶ በአዳም ረታ ላይ ተደገመ፤ ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ ምን ለማለት እንደፈለገ አይታወቅም። የመጻሕፍቱን ርእሶች ብቻ እንያቸው፦ «እቴሜቴ የሎሚ ሽታ»፣ «ከሰማይ የወረደ ፍርፍር»፣ «መረቅ»። ከልጆች ጨዋታና ከማጀት የተነሡ ናቸው። አዳም የአጻጻፍ ስልቱን «ሕጽናዊነት» ሲለው ያስረዳው በእንጀራ ነው። በ1997 ዓ.ም. በወጣው «ግራጫ ቃጭሎች» ውስጥ አብዮት አለ፣ ዘመን ሲገለበጥ ይታያል፤ ግን የሚደርሰን በአንድ ልጅ ቤት፣ በአንድ ሰፈር ሽታና በቂም በኩል ነው። ንዴቤሌ የለመነው ዓይነት ልብ ወለድ በአማርኛ ተጽፏል። እኛ ግን ስለ እሱ ስንጽፍ ወይ «ረቂቅ ነው» ብለን ከሩቅ እንሰግዳለን፣ ወይ «አልገባኝም» ብለን እንዘጋለን። ምዕራፍ ይዞ፣ ዐረፍተ ነገር ጠቅሶ፣ «እዚህ ላይ ተሳክቶለታል፣ እዚህ ላይ ደግሞ ዝርዝሩ ራሱን በልቷል» የሚል ጽሑፍ ጥቂት ነው።

ቃሉ ራሱ

ለዚህ አንዱ ምክንያት የቃሉ ታሪክ ይመስለኛል። በደርግ ጊዜ «ሂስና ግለ ሂስ» የስብሰባ ቃል ነበር፤ ሰው ተነሥቶ ራሱን ይከሳል፣ ጓዱን ይከሳል። ከዚያ በኋላ በመጣው ሥርዓት «ግምገማ» ተተካ፤ እሱም ከወንበር መነሣትን የሚያስታውስ ቃል ሆነ። ስለ መጽሐፍ ለመናገር ያሉን ሁለቱ ዋና ቃላት ሁለቱም በቢሮ በኩል አልፈው፣ ማኅተም ተመቶባቸው ነው የደረሱን። ስለዚህ አንድ ሰው የጓደኛውን ልብ ወለድ «ገመገመ» ሲባል ጓደኝነታቸው አለቀ ብለን እንጠረጥራለን። ደራሲውም ሂስን እንደ ክስ ይሰማል፤ ሐያሲውም ወይ አቃቤ ሕግ ወይ ጠበቃ ይሆናል። የመጽሐፍ ምረቃ ላይ የሚደረገው ንግግር አብዛኛው የጠበቃ ነው።

የቅኔ ቤቱ ቃል ይሻል ነበር፤ ማቃናት። መምህሩ የተማሪውን ቅኔ የሚያቃናው ቅኔውን ስለሚወደው ነው። የሚያቃናውም ውስጡ ገብቶ ነው፤ ይህ ቃል ለምን እዚህ ገባ፣ ይህ ቤት ለምን አልመታም። ስለ ተማሪው ወገን አይጠይቅም።

ሱቅ ውስጥ የሚነበበው መጽሐፍ

ወደ ሱቁ እንመለስ። ስለ ኢትዮጵያዊ ባለሱቅ የተጻፈ ታላቅ ልብ ወለድ አለን፤ የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ፣ ስለ ዋሽንግተን ነው። ዲናው መንግሥቱ በ2007 ባወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ስጳ እስጢፋኖስ የሚባል ሰው ሎጋን ሰርክል አካባቢ ትንሽ ሱቅ ይጠብቃል። ከአብዮቱ የሸሸ ሰው ነው። ደንበኛ ሲጠፋ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰውን መጽሐፍ ያነባል። ከጎረቤቱ ልጅ ከናኦሚ ጋር ሆነው የዶስቶየቭስኪን «ካራማዞቭ ወንድማማቾች» ገጽ በገጽ ይጓዛሉ። ከኮንጎና ከኬንያ ከመጡት ሁለት ጓደኞቹ ጋር ደግሞ የአፍሪካ አምባገነኖችንና የመንግሥት ግልበጣዎችን ስምና ዓመት እየጠሩ ይጫወታሉ፤ ታሪክ ጨዋታ እስኪሆን ድረስ ደክሟቸዋል። መጽሐፉን የማይረሳ ያደረገው አቧራ የለበሰው መደርደሪያ፣ ጊዜው ያለፈበት ሸቀጥ፣ ከሰዓት በኋላ የሚረዝመው ዝምታ ነው። ከእነዚህ ተለይቶ የሚወጣ «መልእክት» ቢኖር እንኳ ከእነሱ ያነሰ ነው።

የጆሃንስበርግም የራሱ አለው። ፋስዋኔ ምፔ በ2001 «እንኳን ወደ ሂልብራችን መጣችሁ» የሚል ትርጉም ያለውን ልብ ወለድ አወጣ። ተራኪው ለሞተ ሰው «አንተ» እያለ ያወራዋል። የሂልብራ ነዋሪዎች የውጭውን አፍሪካዊ «መክዌሬክዌሬ» እያሉ እንዴት እንደሚያሙ፣ ከገጠር የመጣው ራሱ በገጠሩ ሰዎች ዘንድ እንዴት እንደሚታማ፣ ሐሜት በአፍ እየዞረ እንዴት እንደሚገድል ያሳያል። የ2008ቱ ጥቃት ሊፈጸም ሰባት ዓመት ሲቀረው ሰባኪም ዘጋቢም ሳይሆን የሰፈሩን ሐሜት ጠጋ ብሎ የሰማ ጸሐፊ ነበር ነገሩን ያየው። ተራውን ማየት ከፖለቲካ መሸሽ ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ስለዚህ ስለ ደቡብ አፍሪካ ሕይወታችን የሚጻፍ አማርኛ ልብ ወለድ በእጃችን ሲገባ ምን እንጠይቀው? በመንገድ ላይ የሞቱትን አስታውሷል ወይ፣ ደላላውን አጋልጧል ወይ የሚለውን ዜናውም ይጠይቃል። የእኛ ጥያቄ ሌላ ይሁን። ባለሱቁ በደንበኞቹ ዘንድ «ማይ ፍሬንድ» ነው፤ ስሙን የሚያውቅ የለም። መጽሐፉ ስም ሰጥቶታል ወይስ እሱም «ስደተኛው» ብሎት አለፈ? በዙሉ ሲገበያይ፣ በአማርኛ ሲቆጥር፣ በሐዲይኛ ሲያልም ዐረፍተ ነገሩ ይለወጣል ወይ? ግማሽ ዳቦ የምትገዛው አሮጊት ሰው ናት ወይስ ማስጌጫ? የልጅ ልጇ ዘረፋው ቀን ከሱቁ ዘይት ይዞ ከወጣ፣ በማግስቱ ፊት ለፊት ሲተያዩ ምን ይባባላሉ? በዘረፋው ትዕይንት ላይ አሥር ገጽ አጥፍቶ በማግስቱ ጠዋት ላይ አንድ አንቀጽ ብቻ የሰጠ መጽሐፍ መቼቱ ጻካኔ ነው ሊለን ይችላል፤ የተጻፈው ግን ከዜናው ነው። ይህን በፍቅርና በድፍረት መንገር የሐያሲ ሥራ ነው። ለደራሲውም ከጭብጨባ የበለጠ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ወርቅ ይቅር ማለቴ አይደለም። ኤኩርሁሌኒ ራሱ በወርቅ የተነሣ ምድር ነው፤ ወርቁን ያወጡት ሰዎች ሄዱ፣ የአፈሩ ክምር ቀረ፣ በክምሩ ግርጌ ሰው ይኖራል። ንዴቤሌ ያደገው እዚያ ነው። ወርቁ ከወጣ በኋላ የቀረውን አፈር፣ በላዩም የሚራመደውን ጠርሙስ የያዘ ልጅ አየ። የእኛም ሰው ዛሬ በዚያው አካባቢ፣ ከፍርግርጉ ጀርባ፣ ጆሮው ላይ ትረካ ሰክቶ ተቀምጧል። የሌላውን ሕይወት በትዕግሥት እያዳመጠ ነው። የእሱን ሕይወት በዚያው ትዕግሥት የሚጽፍ፣ የተጻፈውንም ሳያቀልጥ የሚያነብ ይገባዋል።